ምታው

አያንቱ ቱሉ ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ እንግሊዝኛ ታጠና ነበር። የሥነ ልሳን መግቢያ የሚያስተምራቸው በፍቃዱ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ተማሪ ሲሳሳት የማይቆጣ ሰው ነው። ያን ቀን ጠዋት ሰሌዳው ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፈ። አንዱ በግ፣ ሌላው መርከብ ማለት ነው።

«የሚለያቸው አንድ አናባቢ ነው» አለ። «አንዱን ድምፅ በሌላው ስትተኩት ትርጉሙ ከተለወጠ፣ ሁለቱ ድምፆች በዚያ ቋንቋ ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። ፎኒም የምንለው ይሄንን ነው። እስቲ ከየራሳችሁ ቋንቋ አምጡ።»

ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ «ሰም» እና «ስም» አለ። አያንቱ ከኦሮምኛ አመጣች፤ «ለፋ» ሲሉት መሬት ነው፣ «ላፋ» ብለው ሲስቡት ለስላሳ ይሆናል።

«ጥሩ» አለ በፍቃዱ። «ግን ተጠንቀቁ። ጆሮ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የጠበቀውን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ምን አለ ብቻ ሳይሆን የት ሆኖ፣ ለማን አለ ብላችሁ ጠይቁ።»

ከቀትር በኋላ አያንቱ ለቡ ከሚኒባስ ስትወርድ የአብደላ ሱቅ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘች። አብደላ ከስልጤ መጥቶ ከእህቱ ከቀመሪያ ጋር የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነጋዴ ነው። ሱቁ ፊት ለፊት ሲሚንቶና ፌሮ የጫነ አይሱዙ ቆሟል። አብደላና የአጎቱ ልጆች ሲሚንቶውን በትከሻቸው እያወረዱ ነበር። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ደግሞ መኪናውን ከበውታል። አለቃቸው የአያንቱ ታላቅ ወንድም ቦና ነው። የቤተሰቡ እርሻ ላይ ኮንዶሚኒየም ከተሠራበት ወዲህ ቦና የያዘው ሥራ ይሄው ነበር፤ እዚያ መንገድ ላይ ከእነሱ ሌላ ዕቃ የሚያወርድ ሰው ማየት አይፈልግም።

«አብደላ፣ ልጆቹን ከመኪናው ላይ አውርድ» አለ ቦና።

«የራሴን ዕቃ በራሴ ትከሻ ነው የማወርደው» አለ አብደላ፣ ከረጢቱን እንደተሸከመ። «ማንን በደልኩ?»

ከቦና ጋር ከሚሠሩት ልጆች አንዱ ገዳ የሚባል ደልዳላ ወጣት ነው። መጣና ከረጢቱን ከአብደላ ትከሻ ላይ ገፈተረው። ከረጢቱ መሬት ላይ ፈነዳ፤ ሲሚንቶው አቧራ ሆኖ ሁሉንም አለበሳቸው። አብደላ ዞሮ ገዳን በጥፊ አጮለው። ገዳ ከመኪናው ላይ የፌሮ ቁራጭ መዘዘ። መዘዘና ግን ቆመ። ብረቱን ጭኑ አጠገብ ይዞ ቦናን አየ።

አያንቱ አጠገቡ ደርሳ ሳለ ቦና አንድ ቃል ጮኸ።

ገዳ ብረቱን በሁለት እጁ አንስቶ የአብደላን ራስ በግራ በኩል መታው። አብደላ ተንበረከከ። ገዳ ደገመው፤ በአፍጢሙ ተደፋ። ከዚያ ሌሎቹ ገቡበት። ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ፊቱን በጫማ ረገጡት። አንዱ የአብደላን የአጎት ልጅ አንገት አንቆ ከመኪናው ብረት ጋር አጋጨው። ቀመሪያ ከሱቁ ሮጣ ወጥታ ወንድሟ ላይ ስትወድቅ እሷንም አልማሯት፤ ሆዷን ሲረግጧት አያንቱ አየች። የፈሰሰው ሲሚንቶ ደም እየጠጣ ይጠቁር ጀመር።

አያንቱ ቦርሳዋን ጥላ መሀል ገባች። አንድ ክርን ጉንጯን አገኛት። ቦና ክንዷን ይዞ ጎትቶ አወጣት።

«ቤት ግቢ» አላት።

አብደላ አልሞተም። አያንቱ ሆስፒታል ልትጠይቀው ስትሄድ ቀመሪያ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ቤተሰብሽ ምን ሊያደርግ ላከሽ በሚል ዓይን አየቻት። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

«እንዴት ሆነ እትዬ ቀመሪያ?»

«የሚባለውን ይሰማል፤ ይገባዋልም። የሚወጣለት ግን እሺ የምትል ቃል ብቻ ናት። ውሃ ሲፈልግ እሺ፣ ሲያመው እሺ። ትናንት እናታችንን በስልክ አገናኘሁት፤ እሷ ስታለቅስ እሱ እሺ፣ እሺ ይላል።»

አያንቱ ይሄን ለበፍቃዱ ነገረችው። በፍቃዱ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና አብዛኛው ሰው ንግግሩን የሚያቀናብረው በግራው የአንጎል ክፍል መሆኑን አስረዳት። ያ ቦታ ሲጎዳ ሰው ማሰቡንና መስማቱን ሳያጣ ቃል ብቻ ሊጠፋበት ይችላል። አንዳንዱ በልምምድ ይመለስለታል፣ አንዳንዱ ግን አይመለስለትም።

ገዳ በዕለቱ ታስሯል። ቦና ግን እጁን ያላነሳ ስለሆነ ቃሉን ሰጥቶ ተለቀቀ። ለፖሊስ የተናገረው አጭር ነው፤ «አብደላ ገዳን በጥፊ ሲለው አይቼ መታው አልኩ። ምታው አላልኩም።» ከተሰበሰበው ሰው ከፊሉ አልሰማሁም አለ፣ ከፊሉ አላስታውስም አለ። ቀመሪያ ሱቅ ውስጥ ነበረች። የአብደላ የአጎት ልጆች ከጭነቱ ላይ ሆነው የሰሙት ጩኸት እንጂ ቃል አይደለም። ለቦና ቅርብ የነበረችው አያንቱ ናት፤ ፖሊስ ጣቢያ እንድትቀርብም ተጠራች።

ከመሄዷ በፊት ቦና ጓሮ ላሞቹ ጋ አገኛት። አባታቸው አቶ ቱሉ ከበረቱ ወዲያ ድርቆሽ ይከምራሉ።

«ምን ልትዪ ነው?»

«የሰማሁትን።»

«ምን ሰማሽ?»

«ምታው ስትለው።»

«መታው ነው ያልኩት። ጫጫታ ነበር።»

«ቦና፣ ድምፅህን አውቀዋለሁ።»

በቡጢ አፏን መታት። በረቱ አጥር ላይ ወደቀች፤ ከንፈሯ ተተርትሮ ደሙ በአገጯ ወረደ። ልትነሳ ስትል ፀጉሯን ይዞ መለሳት። አቶ ቱሉ መንሹን እንደያዙ እየሮጡ መጥተው በእጀታው ትከሻውን አሉት፤ ለቀቃት። ከዚያ አባቷ ሳያዩዋት «ወንድምሽ ነው» አሉ።

«አብደላም የቀመሪያ ወንድም ነው፣ አባ» አለች አያንቱ። ደሙን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ጣቢያ ሄደች።

ቃሏን ከሰጠች በኋላ ቦና ተያዘ። እሷም ለቡን ለቅቃ መካኒሳ አቦ ከምትኖረው ከክፍል ጓደኛዋ ከኦብሴ ጋር መኖር ጀመረች። ይሁን እንጂ የቦና ጫኝና አውራጆች ኮሌጁን ያውቁታል። አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ ከእነሱ አንዱ የሆነው ሞልቱና አንድ የማታውቀው ልጅ በሩ ላይ ጠበቋት። መንገዱ በሰውና በታክሲ የተሞላ ነበር። ሞልቱ ሰላም እንደሚላት ሰው እጇን ጨብጦ አልለቅም አለ።

«ፍርድ ቤት ስትቀርቢ ተሳስቼ ነው በይ» አላት።

«አልተሳሳትኩም።»

ጓደኛው ከኋላ አንገቷን ቆለፈው። ሞልቱ ጠቋሚ ጣቷን ወደ ኋላ አጠፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማት። ቀጥሎ የመሀል ጣቷን ያዘ። ጮኸች። ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ዘወር ሲሉ ገፍትረዋት ተሰወሩ። ከግቢው ወጥቶ ያገኛት በፍቃዱ ነው። ክሊኒክ ወስዷት ጀሶ እስኪታሰርላት አጠገቧ ቆመ።

«ቲቸር፣ ባልሰማው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ በፍቃዱ።

ችሎት የቀረበችው እጇ ገና በጀሶ እንዳለ ነው። ቦና ከገዳ ጎን ቆሟል። ጀሶውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ወደ ኋላ ዞሮ ሕዝብ መቀመጫ ላይ ሞልቱን ፈለገ። ሞልቱ አንገቱን ደፋ።

የቦና ጠበቃ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ደንበኛዬ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው» አለ። «አንቺ ቋንቋ ታጠኛለሽ። በኦሮምኛ፣ ምታው ስንል ም ላይ ያለው የአማርኛው ሳድስ አናባቢ የለም፤ ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ታዲያ መታው ሊል ፈልጎ ምታው ቢመስልሽስ?»

«እኔም አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። ለቡ ስናድግ ሁለቱንም ቋንቋ አብረን ነው የተማርነው። ቦና ግዕዙን በሳድስ ቀይሮ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ደግሞ ቃሉን የተናገረው ገዳን እያየ ነው። ገዳም ብረቱን ይዞ እሱን ነበር የሚያየው።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጆሮሽ እንዳላታለለሽ በምን ታውቂያለሽ?»

«ክብርት ዳኛ፣ ጆሮ የሚሰማው የጠበቀውን ነው ይባላል። እኔ ያን ሰዓት የጠበቅሁት ወንድሜ ተወው እንዲል ነበር። ተወው አላለም።»

ቀመሪያ አብደላን ይዛ ከፊት ተቀምጣ ነበር። አብደላ ራሱ ላይ ያለውን ስፌት በእጁ እየዳበሰ አያንቱን አያት። አፉን ከፈተ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ግን ምንም አልወጣለትም። ቀመሪያ እጁን ይዛ ወደ ጭኗ መለሰችው።

ገዳ በድብደባው፣ ቦና በማነሳሳቱ ተፈረደባቸው። አያንቱ ውሳኔው ሲነበብ ተነስታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አባቷ ለረጅም ጊዜ አላናገሯትም። ክረምቱ ሲወጣ አንድ እሑድ ኦብሴ በሩን ከፍታ «አባትሽ መጥተዋል» አለቻት። አቶ ቱሉ የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የምግብ ሳህን የቋጠሩበትን ፌስታል ይዘው ደጅ ላይ ቆመዋል።

«ልጠይቀው ልሄድ ነው» አሉ። «ልሂድ ካልሽ።»

ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ቦናን በአጥር ማዶ አገኙት። ከስቷል፤ ፀጉሩን ተላጭቷል። መጀመሪያ ከአባቱ ጋር ስለ ላሞቹ ተነጋገረ። ከዚያ የአያንቱን እጅ አየ። ጠቋሚ ጣቷ ከተሰበረ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም።

«ሞልቱን እኔ አላኩትም» አላት።

«አውቃለሁ።»

አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ። «አንድ ጊዜ ይመታውና ይበቃዋል ብዬ ነበር፣ አያንቱ። በአላህ ስም፣ በማርያም ስም፣ በፈለግሽው ልማልልሽ። እንደዚያ ይሆናል አላልኩም።»

«ልቤ ያምንሃል» አለችው። «አብደላ ግን አሁንም መናገር አልቻለም። ቀመሪያ ሱቁን ብቻዋን ነው የምትሠራው።»

ቦና ግንባሩን አጥሩ ላይ ደግፎ አለቀሰ። አባታቸው ፌስታሉን ለጠባቂው ሰጥተው ሌላ ቦታ ያዩ ጀመር።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ አቶ ቱሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሚኒባሱ መካኒሳ ሲደርስና አያንቱ ልትወርድ ስትነሳ የነጠላዋን ጫፍ ያዙት።

«ዛሬ ከእኛ ጋ እደሪ» አሉ። «እናትሽ ወተት አስቀምጣልሻለች።»

አያንቱ ረዳቱን እያየች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ረዳቱም በሩን ዘጋው።