ፊርማ የሌለው ደብዳቤ

ጀማነሽ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትናዘዝ አንዲቱን ኃጢአት ትዘልል ነበር። በዘንድሮው ዐቢይ ጾም፣ በሦስተኛው ዓርብ፣ የፍኖተ መስቀል ጸሎት አልቆ ሰው ሲበተን ተራዋን ጠብቃ አባ መብርሃቶም ፊት ተንበረከከችና ተናገረቻት። አባ ወደ ቁምስናው፣ ወደዚህ ካቶሊክ አጥቢያ፣ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ካህን ስለሆኑ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ነበረባት።

ያኔ የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ገለታ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የሙዚቃ አስተማሪ። በፋሲካ ሌሊት አንድ ሰው ብቻውን የሚያዜመውን መዝሙር አሥር ዓመት ያህል ያዜመችው ጀማነሽ ናት። በዚያ ዓመት ግን ቡዜ ለምትባል አዲስ ልጅ ሰጠው። ጀማነሽ በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ግማሽ ገጽ ጻፈች፤ ገለታ ልምምድ ላይ ጠጥቶ ይመጣል የሚል። ሳትፈርምበት በቁምስናው ጉባኤ ቢሮ በር ሥር አሾለከችው። እውነቱ፣ ሰውየው አንድ ቀን ብቻ ከሠርግ ቤት ሲመጣ ጠላ ሸቶ ነበር። ጉባኤው ጠርቶ ሲጠይቀው ገለታ አልተከራከረም። የመዝሙር ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

አባ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ፣ «ሰውየው አሁን የት ነው ያሉት?» አሏት።

አላወቀችም።

አባ መዝሙረ ዳዊት ሃምሳን እስከ ፋሲካ በየቀኑ እንድትደግም ነገሯት። ያጠፋችውን ስም በምትችለው ሁሉ መመለስም የእርሷ ፈንታ እንደሆነ አስረድተው፣ እግዚአብሔር ይፍታዎት ብለው አሰናበቷት።

ጀማነሽ ቅልል ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ያደረባት ግን ሌላ ነው፤ የማወቅ ጉጉት። ስለ ደብዳቤው ስትጨነቅ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ ስለ ሰውየው ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም። በሕይወት አለ? አሁንም ይዘምራል? ደብዳቤውን ማን የጻፈው ይመስለው ይሆን?

ቅዳሜ ካዛንቺስ ሄደች። የገለታን ቤት ታውቀው ነበር፤ ሰፈሩ ግን ፈርሶ ሰፊ አስፋልትና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። አዲስ በተተከሉት ዛፎች መካከል ቆማ በሩ የቱ ጋ እንደነበር በዓይኗ ስትለካ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ምን እንደጠፋት ጠየቃት። ሰው እንደምትፈልግ ነገረችው። የድሮውን ሰፈር ሰው አድራሻ ዙለይካ ታውቃለች አላት። ዙለይካ እዚያ ሱቅ የነበራት ሴት ናት፤ አሁን ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ነው የምትነግደው።

ጀማነሽ እዚያው ሄዳ አገኘቻት፤ ዙለይካ ማን ወዴት እንደተነሣ በቃሏ ይዛዋለች። ገለታ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሶታል። ፂሙን ግን ለሌላ ሰው ስለማያምን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ መስቀል ፍላወር ያለው የድሮ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ይመጣል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ቀኑ ነው።

በሳምንቱ ጀማነሽ ከፀጉር ቤቱ ደጃፍ ስትጠብቅ ገለታ አገጩን እየዳበሰ ወጣ። ከስቷል፤ ፀጉሩም ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ሲያያት ከልቡ ደስ አለው፤ ይኼ ደግሞ ነገሩን አከበደባት። አጠገቡ ካለው ሻይ ቤት ተቀመጡና ሻዩ ሳይቀርብ ነገረችው።



«የጻፈው ወዳጆ አይደለም?» አለ ገለታ።

ወዳጆ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ መዘምራኑ ውስጥም አብረው ነበሩ። ያን ቀን ሠርጉ ላይ አብሮት የጠጣው እሱ ስለሆነ፣ ገለታ ሌላ ሰው መጠርጠር አልቻለም። ጉባኤው በጠራው ማግሥት ወዳጆ ሊያጽናናው ሲመጣ በሩን አልከፈተለትም። መንገድ ላይ ሰላምታውን ነሳው።

«ሚስቱ ሎሚ ስትሞት ለቅሶ አልደረስኩም» አለ ገለታ። «እያወቅሁ ነው የቀረሁት።»

 ጀማነሽ ደብዳቤዋ አንድ ሰው ብቻ የጎዳ መስሏት ነበር።

«ቆይ፣ ለምንድነው የጻፍሽው?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«መዝሙሩን ለቡዜ ስለሰጡብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ሐኪም ጉሮሮሽን አሳርፊው ብሎኛል ያልሽኝ አንቺው ነሽ'ኮ። ላሳርፍሽ እንደሆነ ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ዝም አልኩ። ለአንድ ፋሲካ ብቻ ነበር።»

ማለቷን አስታወሰች። ያኔ ግን አንዴም ትዝ አላላትም ነበር።

ገለታ ሻዩን ሳይነካው ተነሣ። «አንቺን ይቅር ማለት ዛሬ አይሆንልኝም፤ አልዋሽሽም። ወዳጆ ዘንድ ግን ዛሬውኑ መሄድ አለብኝ። አብረሽኝ ነይ፤ ለምን እንደራቅሁት ከአንቺ አፍ ይስማ።»

ወዳጆ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው። በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ግራ ገባው። ጀማነሽ እዚያው ቆማ ተናገረች። ገለታ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲያጎነብስ ወዳጆ ትከሻውን ያዘው።

«ምን እንዳደረግሁህ ሳስብ ነው የኖርኩት» አለው ወዳጆ። «ብትሰድበኝ እንኳ ጥፋቴን አውቀው ነበር።»

ከዚያ ሁለቱ ስለ ሎሚ ሕመም ማውራት ጀመሩ፤ ገለታ የቀረበትን ለቅሶ አሁን እየደረሰ፣ በዘጠኙ ዓመት የሆነውን ሁሉ እየጠየቀ። ጀማነሽ ከደጃፉ ቀስ ብላ ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ፊት ቀርባ ደብዳቤውን የጻፈችው እርሷ እንደሆነች ተናገረች። ከመዘምራኑም ራሷን አገለለች። ጉባኤው ለገለታ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ፤ ወደ መሪነቱ እንዲመለስ ቢጠይቀውም ዕድሜዬ አይፈቅድም አለ።

በሆሳዕና ግን ከወዳጆ ጋር መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ቅዳሴው ሲያልቅ ገለታ በሕዝቡ መካከል ጀማነሽን ፈልጎ እጁን ዘረጋላት።

«አሁን ይሆንልኛል» አላት።