ብልቃጥ ማስረጀት

ልጄ ሸሪክ አድርጋ ያመጣችውን ሰውዬ እኔ አቶ ምድር ነው የምለው። አፉን በከፈተ ቁጥር «ምድራችን» ሳይል አይዘጋውም። ምድራችን ታመመች፣ ምድራችን አደራችን ናት፣ ምድራችን እየጮኸች ነው። እሱ ግን ከመኪናው ወርዶ አንዲት ካርቶን ተሸክሞ አያውቅም። በራችን ላይ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል፤ እኛ ወጥተን እናወርዳለን። እኔን «እማዬ» ይለኛል። የወለዱት እናቱ በሕይወት አሉ፤ ሲደውሉለት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲደፋው በዓይኔ አይቻለሁ።

የምንሠራው የቆዳ ቅባት ነው። ልጄ ጸጉር ቤት ተቀጥራ የሰው ራስ ስታጥብ እጇ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። ሰምና የሰሊጥ ዘይት አቅልጣ ብትቀባው ዳነላት። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች እጇን አይተው ለኛም አድርጊልን አሏት። ብልቃጥ ውድ ስለሆነ፣ ቅባቱን የጨረሰ ብልቃጡን ይመልስ አለች። የተመለሰውን እኔ አጥባለሁ፣ እቀቅላለሁ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍቼ አደርቃለሁ። ነገሩ ይኸው ነበር።

አቶ ምድር ቀድሞ ማስታወቂያ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን መጥቶ ሥራችንን አየና፣ ይሄ ድህነት ሳይሆን ዘላቂነት ነው አለን። ለካ እኛ ሳናውቀው ትልቅ ሰዎች ኖረናል። ሰምና ዘይቱን፣ ሳፋዬን፣ የተጨማደደ እጄን ሳይቀር በስልኩ ፎቶ እያነሳ ለሰው አሳየ፤ ሰው አጨበጨበ። አልዋሽም፣ ገበያው ጨመረ። ከቤታችን ማዕድ ቤት ወጥተን ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየን። ልጄም ከጸጉር ቤቱ ለቀቀች።

የሚያጨበጭቡትን ሰዎች ግን እኔ በብልቃጣቸው ነው የማውቃቸው። አንዷ የሲጋራ ቁራጭ ሞልታ ትመልሳለች። አንዷ ሽንኩርት ከትፋ አስቀምጣበት፣ ደጋግሜ ብቀቅለውም ሽታው አልለቅ ብሎኛል። አንዱ ውስጥ የልጅ ጥርስ አግኝቻለሁ። እነዚህስ ይሻላሉ፤ መልሰዋል። ፎቶው ሥር «በርቱ፣ ምድራችንን አድኑልን» ብለው የሚጽፉት አብዛኞቹ አንድም ቀን አልመለሱም።

ከዚያ ከትልቁ የገበያ አዳራሽ ትእዛዝ መጣ። ለመደርደሪያቸው ብዙ ቅባት ፈልገዋል። ግን ቅባቱን ብቻ አይደለም፤ በተመለሰ ብልቃጥ መሆን አለበት፣ ክዳኑ ላይም ይህ ወረቀት ይለጠፍበታል አሉ፦ «ይህ ብልቃጥ ወደ እርስዎ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቤት ኖሯል።» እኔ ፊደል የቆጠርኩት በቅርብ ነው። አንድ መስመር አንብቤ ለመጨረስ ላብ በላብ እሆናለሁ። ስለዚህ ለፍቼ ያነበብኩት ነገር ውሸት ሲሆን ከሌላው ሰው ይልቅ ያናድደኛል፤ የሚባክነው የእኔ ልፋት ነው።

ተመልሶ የታጠበው ብልቃጥ ከትእዛዙ ሩቡን አይሞላም ነበር። አንድ ጠዋት ክላክሱ ጮኸ። ወጥተን ካርቶን ስናወርድ ዋልን። አዲስ ብልቃጥ ነው፤ እያንዳንዱ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ካርቶኑም እንደገና በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ፈትተን ስንጨርስ ፕላስቲኩ ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። አቶ ምድር በላዩ ላይ እየተራመደ ከኪሱ አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበትን ብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ።

«እማዬ፣ ትንሽ ትንሽ ይሹልኝ። ዕድሜ እንዲኖረው።»

አዲሱን ነው ወይ የማስረጀው ብዬ ጠየቅሁት። ሰው የሚገዛው ስሜቱን እንጂ ዕቃውን አይደለም አለኝ።

«እኔም እኮ አርጅቻለሁ» አልኩት። «በውድ ሊገዛኝ የመጣ ግን አላየሁም።»

ሳቀ። የተስማማሁ መሰለው።

የእሱስ ውሸት የራሱ ነው፤ ይዞት ይሂድ። እኔን ያስጨነቀችኝ ልጄ ናት። ጸጉር ቤት ሳለች «አምሮብኛል?» ላለቻት ደንበኛ «አላማረብሽም» ብላ ከሥራ ልትባረር የነበረች ልጅ ናት። አሁን አንገቷን ደፍታ ወረቀት ትለጥፋለች። ዞር ብዬ አየኋት። ቀና ሳትል፣ ለዚህ ዙር ብቻ ነው፣ ከተሸጡ በኋላ ሲመለሱ ወረቀቱም እውነት ይሆናል አለችኝ። ቃሉ የእሱ ነው። በእሱ አፍ ሲሆን እስቅበት ነበር፤ በእሷ አፍ ስሰማው አላሳቀኝም። እጄን አሞኛል ብዬ ብርጭቆ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አንስታ ራሷ ማሸት ጀመረች።

በማግስቱ የአዳራሹ የግዥ ኃላፊ ሥራችንን ልታይ መጣች። ጫማዋ እንዳይነካ እየመረጠች ትረግጣለች። ከተደረደረው አንዱን ብልቃጥ አነሳች፣ ጭረቱን በጣቷ ዳሰሰች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልትቀርጽ ስልኳን ወደ ልጄ አቅንታ፣ ይሄስ የማን ቤት ነበር ብላ ጠየቀች። አቶ ምድር ቀደመ። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ አለ፤ መስኮታቸው ላይ አስቀምጠውት፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት እያዩት፣ ሲመልሱት ስመውት እንደሆነ አወራ። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቀጥላ ግን ይህን ከራሷ ከልጄ አፍ መስማት እንደምትፈልግ ተናገረች።

ልጄ ብልቃጡን ከሴትዮዋ ተቀበለች። የልጄ ጣቶች በብርጭቆ ብናኝ ነጥተዋል። እኔ ሳፋዬ ጎን ቆሜያለሁ። በሕይወቴ ስለ እሷ ብዙ ፈርቻለሁ፤ ታማ ፈርቻለሁ፣ አምሽታ ፈርቻለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ከአፏ የሚወጣውን ፈርቼ አላውቅም።

«የማንም ቤት አልነበረም» አለች። «ትናንት ከካርቶን ወጣ። የቧጨርኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ነገር ይፈርሳል ብዬ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ስልኳን ዝቅ አድርጋ ፈገግ አለች።

«እሱንማ ማን ያጣዋል? ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ብቻ ጭረቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ መደርደሪያ ላይ ሲደረደር ያምራል።»

አቶ ምድር ልጄን ጠቀሳት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። እውነቱን ተናግራለች፤ ማንም አልተቆጣትም። ትእዛዙም አለ፣ ኪራዩም ይከፈላል፣ እሷም አልዋሸሁም ብላ ትተኛለች። ከዚህ በላይ የተመቸ ነገር አይገኝም።

ልጄ ወረቀቱን ልንቀልና እንዲሁ ሽጪው አለቻት።

«ያለ ወረቀቱማ ቅባት ብቻ ነው» አለች ሴትዮዋ።

«እኔ የምሠራውም ቅባት ነው።»

ሴትዮዋ በትሕትና ተሰናብታ ሄደች። ትሕትናዋ ከስድብ ይብስ ነበር። አቶ ምድር ቆሞ ቀረ። በዚህ ጭንቅላታችሁ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ሳትወጡ ትሞታላችሁ አለን። ወደኔ ዞሮም፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ያበላሸሻት አንቺ ነሽ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እማዬ አላለኝም፤ ቀለለኝ። ፕላስቲኩን ግን ለእኛ ትቶልን ሄደ።

በሩ ሲዘጋ ልጄ ወደኔ ዞረች።

«ደስ አለሽ?»

አላለኝም አልኳት። እውነቴን ነው፤ ኪራዩን እያሰብኩ ነበር። እሷም ታስብ ነበር መሰለኝ፤ ሁለታችንም ካርቶኑ ላይ ተቀምጠን ፕላስቲኩን አጣጠፍን። ከዚያ ተነሥታ በሩ ላይ ጽፋ ለጠፈች፦ አዲስ ደንበኛ ብልቃጥ ይሰጠዋል፤ የድሮ ደንበኛ ግን የወሰደውን ሳይመልስ ሌላ አያገኝም።

ሰው ተቆጣ። አንዷ፣ ለቅባት ደግሞ መታወቂያ ልትጠይቁን ነው ወይ አለች። ብዙዎቹ ጥለውን ሄዱ። ልጄ የሠራችው ቅባት እጇ ላይ ቀርቶ እርስ በርስ እየተቀባባን የምንጨርሰው መሰለኝ። በኋላ ግን ልጄ ትሠራበት የነበረው ጸጉር ቤት ሴቶች ብልቃጡን እዚያው መሰብሰብ ጀመሩ። ይህን ያየ ሌላ ጸጉር ቤት ተከተለ፣ ከእሱ ጎን ያለው፣ ማሳጅ የሚደረግበት የእሽት ቤትም ጠየቀ። የተቧጨረው ብልቃጥም ወረቀቱ እየተነቀለ ለአዲስ ደንበኛ ተሰጥቶ አለቀ፤ አሁን የጎደለን ገዢ ሳይሆን ብልቃጥ ሆነ። ልጄ አዲስ ብልቃጥ ካርቶን ሙሉ መግዛት እምቢ አለች፤ የተመለሰውን ያህል እንሠራለን አለች። የእሽት ቤቱን ሰዎች ጠብቁ ብላ መለሰቻቸው። እኔ በልቤ ይሄዳሉ አልኩ።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን ፋርማሲ ባለቤት ሚስት መጣች። ከማንም በላይ የምትገዛ፣ አንድም ያልመለሰች ናት። ልጄ አልሸጥም አለቻት። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፣ ከዚያ ሳፋዬን አየች፣ ከዚያ እኔን። ይህን ቤት ሰው ያደረግነው እኛ ነን ብላ ወጣች።

ከጥቂት ቀን በኋላ በሩ በእግር ተገፋ። ራሷ ናት፤ ካርቶን ታቅፋለች። ሰላም ሳትል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ብልቃጥ ብቻ ነው፤ ግማሹ ቅባቱ ደርቆበት፣ ግማሹ አቧራ ጠጥቶ።

«ውሰዱ» አለች። «ቆሻሻችሁን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።»

የምትፈልገውን አንድ ብልቃጥ ቅባት ገዝታ፣ አመሰግናለሁም ሳትል ሄደች። እኔ በጥላቻ እያየኋት ነበር። ልጄ ግን አላየቻትም፤ ብልቃጦቹን ክዳን ከክዳን እየለየች ነበር። ያመጣችው ብልቃጥ የእሽት ቤቱን ትእዛዝ ይሞላል። ቀና ብላ፣

«እማ፣ ውሃ ጣጂልኝ» አለችኝ። «ትልቁን ድስት።»