የመሪው ከፍታ

«ይቺን ብቻ እዪልኝ፣ እትዬ ሐረግ» ብሎ ደሳለው ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀነባት።

ሐረግ አየች። ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ የሆነው ባሏ ኪዳነማርያም ከደመና መሃል ፈገግ ብሏል። በግራ በቀኙ ነጫጭ ርግቦች፣ ከራሱ በላይ ወርቃማ አክሊል፣ ከደረቱ በታች «ጀግናው ወንድሜ» የሚል ጽሑፍ። ፎቶው ከሠርጋቸው አልበም የተወሰደ ነው። ቆርጦ ያወጣው ሰው ሙሽራዪቱን ሲያስወግድ፣ ሙሽራው ትከሻ ላይ የነበሩትን አራት ጣቶቿን ረስቷቸዋል። የገዛ ጣቶቿን እዚያ ተለጥፈው ስታይ ማለዳ የጠጣችው ሻይ ወደ ጉሮሮዋ ተመለሰ።

የት እንደሚለጠፍ ጠየቀችው። የሟቹ ሞተር ብስክሌት ላይ ነው አላት፤ በነዳጅ መያዣው በሁለቱም ጎን። ቀይና ነጭ ቀለሟ በጥቁር ይሸፈናል፣ በጎማዎቿ ዙሪያ ሰማያዊ መብራት ይገባላታል፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋም ከሩቅ በሚያስገመግም ይለወጣል።

ደሳለው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሰባት ዓመት ሪያድ ሠርቶ የተመለሰው አምና ነው። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ሐረግ ታውቃለች።

«አያታችን የሞቱ ጊዜ» አለ፣ «ፈረሳቸውን ጭነው፣ ጠመንጃቸውን ኮርቻው ላይ አስረው በለቀስተኛው መሃል ሲያዞሩት አይቻለሁ። ሰው የምሩን ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። ወንድሜ ፈረስ የለውም። ፈረሱ እሷ ናት። እሑድ የደጎሎ ዘመዶች ሲመጡ አምራ መውጣት አለባት።»

እስከ ሐሙስ ሙሐሲን ጋራዥ ካልገባች ለእሑድ አትደርስም። ቁልፏ ያለው ደግሞ በሐረግ ጥቁር ሹራብ ኪስ ውስጥ ነው። ላስብበት አለችው።

ወሬው ድንኳኑ ውስጥ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከቀትር በኋላ ለቀስተኛው ለሁለት ተከፈለ፤ ትቀየር የሚሉት ከደሳለው ጋር፣ እንዳለች ትቀመጥ የሚሉት ከብዙነህ ጋር። ብዙነህ ከኪዳነማርያም ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አሥር ዓመት ያስተማረ ጓደኛው ነው፤ እሱ ፊዚክስ፣ ሟቹ ሒሳብ። ወንዶቹ ተነሥተው ከግድግዳው ጥግ የቆመችውን ሞተር ከበቧት። ንፍሮ ሲዘግኑበት በነበረ እጃቸው ወንበሯን ይደባብሳሉ። አንዱ መሪዋን ወዲያና ወዲህ ያጥፋል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ያያል፤ ለሽያጭ እንደ ቀረበች በቅሎ ጥርሷን መግለጥ ብቻ ነው የቀራቸው።

የሟቹ አጎት ጋሽ አራጌ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆዩና «ፈረስ ለለቅሶ ሲወጣ ጭራው ይጎነጎናል፤ የዚህች ምኗ ሊጎነጎን ነው?» አሉ። ወንዶቹ ሳቁ። በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈን አድርገው ሳቁ፣ ግን ሳቁ።

ብዙነህ አልሳቀም። «ኪዳኔ በሕይወት ቢኖር አንድ ብሎን አያስነካም ነበር» አለ። «ሁሌ የሚለውን ታውቃላችሁ። የተሠራችበትን መልክ ካጣች ሌላ ሞተር ናት ይል ነበር። የሰውዬው አቋም ነው፤ አቋሙንም አብረን እንቅበረው?» ከዚያ ወደ ሐረግ ዞረ። «አንቺ ራስሽ የቅርስ ባለሙያ ነሽ፤ ንገሪያቸው እስቲ።»

 «የተሠራችበትን መልክ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የኪዳነማርያም አልነበረም፤ የሐረግ ነበር። ንፍሮ ከተጣበቀበት የብዙነህ ጥርስ መሃል ሲወጣ ስትሰማው፣ ሰው አኝኮ የተፋውን መልሳ የጎረሰች ያህል አንገሸገሻት። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ሞተሯን ኪዳነማርያም ያገኛት ሁዜይፋ ከሚባል የሰፈር ሰው ግቢ ነው። ሁዜይፋ ወደ ዓረብ አገር ተመልሶ ሲሄድ ጭድ ማስቀመጫ ውስጥ ትቷት፣ ዶሮዎች ለዓመታት ሲያድሩባት ኖረዋል። ዕድሜዋ ሠላሳ ዓመት አልፏል። በቃሉም በወጪውም ቁጥብ የነበረ የሒሳብ መምህር፣ የደረቀ ኩስ በጥርስ ብሩሽ እየፋቀ ሁለት ሳምንት ከረመ። ሐረግ ከሽታው የተነሣ ግቢ መግባት እስኪያስጠላት ድረስ ተማረረች። ቀዩ ቀለም ብቅ ያለ ቀን ግን ከእሱ ይልቅ የወደደቻት እሷ ሆነች። በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ሠራተኛ ናት፤ የጥንት ግድግዳ በሲሚንቶ የሚለስኑትን፣ የደበዘዘ መልአክ በዘይት ቀለም የሚያደምቁትን ስትለምንና ስትቆጣ የኖረች። እጅ ያልነካው ነገር በቤቷ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ረቡዕ ዕለት፣ የእድሩ ወይዘሮ በዛች ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ ለአንዲት ሴት ስታንሾካሹክ ሰማቻት። «ጎንበስ ብሎ ሲጋልባት ሙቀቷ ነው አሉ ኩላሊቱን የጠበሰው። አንዳንድ ሚስት ባሏን ከእንዲህ ያለ ነገር ታስጥላለች፤ ይቺ የተማረችዋ ግን ዝም ብላ አየችው።»

ሙቀት ኩላሊት እንደማይጠብስ ሐረግ ታውቃለች። የቀረውን ግን መካድ አልቻለችም።

ኪዳነማርያም ወገቤን ማለት የጀመረው ሞተሯን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። በውድድር ሞተር መልክ የተሠራች ስለሆነች መሪዋ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚነዳት ሰው ነዳጅ መያዣው ላይ ተደፍቶ ነው የሚሄደው። በመካነ ሰላም ኮብልስቶንና በኮረኮንቹ ላይ ያ ለማንም ወገብ አይመችም። አንድ ቅዳሜ ከሙሐሲን ጋራዥ ንድፍ የተሣለበት ወረቀት ይዞ መጣ። ከፍ ያለ መሪ ቢገባላት ቀና ብዬ እነዳለሁ፣ ወገቤም ያርፋል አላት። ሐረግ በሲሚንቶ ስለተለሰነ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሪፖርት እየጻፈች ነበር። አንገቷን እንኳ ሳታነሣ ነው የመለሰችለት።

«የተሠራችበትን መልክ ካጣች ሌላ ሞተር ናት፣ ኪዳኔ።»

«እሺ፣ ባለሙያዋ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሰንብቶ ያንን ቃል የራሱ አድርጎ ለጓደኞቹ ሲናገር ሰማችው፤ ደስም አላት።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ፣ ወገቡን ባመመው ቁጥር ሁለቱም የወቀሱት ሞተሯን ነው። ደሴ ሲሄዱ ሐኪሙ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ ጠየቀ። «የሞተር ነው፣ ዶክተር» አለ ኪዳነማርያም፣ ሐረግን ጠቀስ አድርጎ። ሐኪሙ አልሳቀም። ኩላሊቱ ላይ ያለው እብጠት ከተነሣ ቆይቷል አለ።

መሪው ያኔ ከፍ ብሎ ቢሆን ሕመሙ አይለቀውም ነበር። አለመልቀቁን አይተው፣ የሞተሯ አለመሆኑ ገብቷቸው፣ በወሩ ሐኪም ዘንድ በሄዱ ነበር። ሐረግ ይህን ስሌት ከደሴ ጀምሮ ለማንም ሳትናገር ስታሰላው ኖራለች፤ ሁሌም እዚያው ይመልሳታል።

ሐሙስ ጠዋት ሙሐሲን ራሱ መጣ። እጁ ላይ የሞተር ዘይት እንዳለ ነው፤ ለመጨበጥ አፍሮ በክንዱ ነካት። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ብሎ አጽናናትና ከጎኗ ቁጢጥ አለ፤ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደሳለው ሞተሯን ዛሬ ላምጣ ይለኛል። እኔ ግን አማና አለብኝ፤ አደራ ነው። ኪዳኔ ያን ከፍ ያለ መሪ አስመጥቶ እኔ ጋ ነው ያስቀመጠው፤ ዓመት አለፈው። ግጠምልኝ አላለኝም። በመጣ ቁጥር ከከረጢቱ ያወጣና በሁለት እጁ ይዞት ቀና ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ይመልሰዋል። ሐረግ እሺ እስክትል ይቀመጥ ይለኝ ነበር።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ጠይቄው ነበር። ብነግራት እሺ ትለኛለች፤ ግን ሞተሯን ባየች ቁጥር ፊቷ ይከፋል አለኝ።»

ሐረግ ያንን ፊት ታውቀዋለች። በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ፊት ስትቆም አፍንጫዋ የሚሸበሸበው፣ ከንፈሯ የሚጣመመው እሱ ነው። ባሏ ዓመት ሙሉ ያንን ፊት ላለማየት ሲል ተደፍቶ ነድቷል። በርግቦቹም፣ በንፍሮውም፣ በወይዘሮ በዛች ሹክሹክታም ያልመጣባት ዓይነት ማቅለሽለሽ መጣባት። ምንም አልወጣትም። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሣች።

«አምጣው» አለች። «አሁን።»

መሪው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲደርስ ደሳለውም ብዙነህም መጡ። ደሳለው ቀለሙስ፣ ፎቶውስ እያለ ተከራከረ። ሐረግ ምንም እንደማይለጠፍባት ነገረችው። «እሑድ ግን ፈረሱ ናት ካልክ ምራት» አለች። እሱም እያጉረመረመ ተቀበለ። የባሰው ብዙነህ ነው። ምላሱ እየተሳሰረ፣ ይህ ጓደኛውን ሁለተኛ መግደል ነው አላት።

«አቋሙ የእኔ ነበር፣ ብዙነህ» አለችው። «እሱ ወገቡን ያመው ነበር።»

 ጋሽ አራጌ ዱላቸውን እያዩ ቆዩ።

ሙሐሲን አሮጌውን መሪ ፈትቶ አዲሱን አስገባ። ከማጥበቁ በፊት ግን ቆመ፤ የሚነዳት ሰው ቁመት ላይ ተለክቶ ነው የሚጠብቀው አለ፤ የሚቀመጥለት ሰው ፈለገ። ደሳለው እግሩን አነሣ። አንተ ትረዝመዋለህ ብሎ ሙሐሲን መለሰው። ብዙነህ ያጥራል። ሌሎቹም እርስ በርስ ተያዩ። ሙሐሲን መፍቻውን እንደያዘ ወደ ሐረግ ቀና አለ።

ሐረግ ሄዳ ከሞተሯ ጎን ቆመች። ባዶው ወንበር ላይ ማንም የለም። ቀኝ እጇን ዘረጋችና፣ የሰው ጀርባ በሚሆንበት ቦታ ላይ መዳፏን ከፍታ አየሩ ላይ አሳረፈች። ትንሽ ወደ ላይ አደረገችው፤ ትንሽ ወደ ኋላ።

«ቀና ሲል እዚህ ጋ ነው» አለች።

ሙሐሲን መዳፏን እያየ መሪውን ወደ ላይ ሳብ፣ ወደ ወንበሩ ዘንበል አደረገው። ከዚያ ግራውን ማጥበቅ ጀመረ፤ ቀጥሎ ቀኙን። ክንዷ ዛለ። የመጨረሻውን ብሎን እስኪያጠብቅ ድረስ መዳፏን ከዚያ አላነሣችም።