ቋንቋ የሌለው ፈተና

ጀዋሂር ሑሴን ተወልዳ ያደገችው አስመራ፣ ቃሓውታ ውስጥ ነው። አባቷ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው እዚያው ሰፈር ትንሽ ሻሂ ቤት ከፈቱ። እሷም አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ሻሂ ትቀዳ ነበር። ትግርኛን እንደ አፍ መፍቻዋ ታወራዋለች፤ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ ስለነበር መጻፉን ግን አላስተማሯትም። ነፃነት መጥቶ የቢሮው ሥራ ሁሉ በትግርኛ ሲሆን፣ ያመለከተችበት ቦታ ሁሉ የጽሑፉ ፈተና ላይ ይጥላት ጀመር።

ጎረቤቷ አስመረት የአገሩ ተወላጅ ሆና ሳለ ዕጣዋ ከእሷ ብዙም አልተሻለም። በደርግ ጊዜ የአማርኛ ታይፒስት ነበረች። አሁን ያንን እጅ የሚፈልገው የለም፤ ልጆቿን የምታሳድገው የሰው ልብስ እያጠበች ነው።

ከሪፈረንደሙ በኋላ በመጣው ክረምት፣ ቪላጆ ጀኒዮ የሚባል ሰፈር ውስጥ ቢሮ የከፈተ አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት የመጋዘን ሠራተኛ እንደሚቀጥር ተሰማ። ስሙን ላስመዘገበ ሁሉ መለማመጃ ወረቀት ይሰጣል። ሁለቱም ተመዘገቡ። ወረቀቱ ላይ አንድም ፊደል የለም፤ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ቀስት ብቻ። የተደረደሩትን ቅርጾች አይቶ ቀጥሎ የሚመጣውን መምረጥ ነው።

ጀዋሂር ደስታዋን መደበቅ አቃታት። «እትዬ አስመረት፣ አየሽ? ቅርጽ አማርኛም ትግርኛም አያውቅም። በዚህማ ማንም አይጥለንም!»

«ኣንቺስ እሺ። እኔ ግን ሳየው ዓይኔ ይዞራል» አለች አስመረት።

ጀዋሂር ደንበኛ ሲቀንስ ብርጭቆና ማንኪያ እንደ ቅርጾቹ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ትደረድርላታለች። «ማንኪያውን ብቻ ተከተይ። ወዴት ዞረ?»

«ወደ ቀኝ።»

«አሁን ማንኪያውን እርሺውና ብርጭቆ ቁጠሪ።»

«ኣንድ ጨመረ። እወ! ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚሄዱት!»

«እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ልያዝ ስትይ ነው የሚጠፋብሽ።»

ከዚያ ወዲህ አስመረት የልብስ ክምር ትታ እየመጣች ትለማመድ ጀመር። ጀዋሂር ራሷ ከባድ የተባሉትን ገና እንዳየቻቸው ትመልሳለች። ሻሂ የሚጠጡት ሰዎች ሳይቀሩ ይቺ ልጅ ታልፋለች ይሉ ነበር። እሷም አመነች።

የፈተናው ቀን በር ላይ ግርማይ የሚባል ወጣት ሠራተኛ መታወቂያ ያያል። አስመረት አሳይታ አለፈች። ጀዋሂር የመኖሪያ ፈቃዷን ሰጠችው። አገላብጦ አየና መለሰላት።

«ይሄ የውጭ ዜጋ ወረቀት ነው።»

«እዚሁ ነው የተወለድኩት። ቃሓውታ።»

«ይርደኣኒ እዩ ሓፍተይ፣ ይገባኛል። ግን ዜጋ ያልሆነ አታስገቡ ተብለናል።»

ጀዋሂር ወደ አዳራሹ አየች። ወረቀቱ ወንበር ላይ እየታደለ ነው። «እንግዲያው ባትቀጥሩኝም ልፈተን» አለች። «ልፈተን ብቻ።»

ግርማይ ዓይኑን ሰበረ። «ኣይከኣልን፣ አይቻልም።»

አስመረት ተመልሳ ወጥታ እጇን ያዘቻት። «ተዪው፣ እኔም አልገባም።»

«እኔ ስለቀረሁ ልጆችሽ ምን ይብሉ? ግቢ!» ብላ ገፋቻት። አስመረት ስትገባ ጀዋሂር ግንቡን ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች።

አስመረት ማለፏን ጀዋሂር የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ አስመረት በሻሂ ቤቱ በኩል ማለፉን ተወች፤ ዞራ ትሄዳለች። አንድ ቀን ግን መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሁለተኛ ፈተና ኣለ ኣሉ» አለች።

ጀዋሂር ሻሂ የምትቀዳበትን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። መናደድ ፈልጋ ነበር። የአስመረትን እጅ ስታየው ግን በሳሙና ተላልጧል። «ግቢና ተቀመጪ» አለቻትና ብርጭቆዎቹን አወረደች።

አባቷ ሑሴን ከወዲያ ሆነው ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ ለማን ነው የምትደክሚው?» አሏት። ጀዋሂር ብርጭቆዎቹን መደርደሯን ቀጠለች። አስመረት ስትሄድ ወደ ጓዳ ገብታ አፏን በሻሿ ይዛ አለቀሰች።

አስመረት ሁለተኛውንም አለፈች። ያገኘችው ነገር ግን የለም። እስከ መጨረሻ የደረሱትን አስጠርተው በእንግሊዝኛ አናገሯቸው። እሷ ስሟን ከመናገር ያለፈ አልቻለችም፤ ጥሩ እንግሊዝኛ ያለው ወጣት ተቀጠረ። መጥታ ለጀዋሂር ነገረቻት። አስመረት «የቐንየለይ፣ ደከምሽልኝ» ብላ አመስግናት ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች።

በጥቅምት ሑሴን የመኖሪያ ፈቃዱን ማሳደስ ሰልችቷቸው ሻሂ ቤቱን ሸጡ። ደሴ እንግባ አሉ። አስመረት አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣ ይዛ ሸኘቻቸው።

«እዚያማ ኣማርኛሽ እንጀራ ያበላሻል» አለቻት።

«እንጃ እትዬ።»

አውቶቡሱ ከከተማው ሲወጣ ጀዋሂር ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ እዚያ ማን ጋ ነው የምናርፈው?»

«ወንድሜ ጋ» አሉ ሑሴን። ወደ መስኮቱ ዞረው «በሕይወት ካለ» አሉ።