የአባቴን ቤት ለማን ትቼ?

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መቀስ» ነው የሚላት። ጨርቅ ስለምትቆርጥ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም አይምሬ ስለሆነ ነው። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ አንዲት ልጇን የስፌት መኪና እየረገጠች አሳድጋ፣ ለወግ ለማዕረግ ላብቃት ስትል ልጅቷ በደም ካንሰር ተያዘች።

ምእመናኑ ጸለዩ። ሰባኪው፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ወጣት፣ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ እጁን ጫነና «ተፈውሳለች!» ብሎ አወጀ። መቀስም አመነች። ልጅቷ ስትወጣ የምትለብሰውን ቀሚስ ቆርጣ መስፋት ጀመረች። እጅጌው ሳይገጠም ልጅቷ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ባለው እሁድ ሰባኪው ስለ እምነት ሰበከ። ስም አልጠራም። ግን «አንዳንዶቻችን በአፋችን አምነን በልባችን ስለምንጠራጠር በረከታችን ከደጅ ይመለሳል» ሲል የሰው ሁሉ ዐይን ወደ መቀስ ዞረ። እሷም ብድግ አለች።

«ልጄ የሞተችው ስላላመንኩ ነው?»

አንዱ ሽማግሌ «እህቴ፣ ተቀመጪ፤ በኋላ ለብቻችን እንነጋገራለን» አላት።

«በአደባባይ የተባለውን በጓዳ አልመልስም! ጌታ ራሱ የወዳጁ መቃብር አጠገብ ቆሞ አልቅሷል። በሉ እሱንም እምነት ጎደለህ በሉታ!»

ይህን ብላ ተቀመጠች፤ አፏንም ሳትሸፍን አለቀሰች። ሊዘምሩ የተነሱት ዘማሪዎች መዝሙሩን ይጀምሩት ወይስ ይተዉት ግራ ገባቸው።

እቤት ሲደርሱ ታናሽ እህቷ አላስችል አላት። «እታለም፣ እንዲህ የሚያቆስልሽ ቤት ምን ይሠራልሻል? ይቅርብሽ።»

«የአባቴን ቤት ለማን ትቼ? ሰባኪው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም።»

«እሺ ባለቤቱንስ? እሱን አልተቀየምሽውም?»

መቀስ መርፌ ላይ ክር ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባ ሲላት ተወችው። «ተቀይሜዋለሁ እንጂ! ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ግን ከአባቴ ጋር ተጣላሁ ብዬ ከቤት አልወጣም። ልጄ እሱ ዘንድ ናት፤ ሞት ወሰዳት እንጂ አላስቀራትም። እስካገኛት ድረስ ልብሱን ይዤ አልለቅም።»

እንዳለችውም አደረገች። እሁድ እሁድ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ሲመጣባት ታለቅሳለች፣ ደስ ሲላት ታጨበጭባለች። አጠገቧ መቀመጥ የፈሩ ነበሩ። እሷ ግን ቦታው ስለሰፋላት ቦርሳዋን ጎኗ ታስቀምጥ ነበር።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ የሰባኪው ሚስት ልጇ ሞቶ መወለዱን ነገረቻት። «እስቲ አሁን ምን ብሎ ይሰብክ ይሆን?» አለች ሴትዮዋ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች።

መቀስ ልቧ ውስጥ አንድ ነገር «እሰይ» አለ። ሰማችው፤ ደነገጠችም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና «አንተ ሰይጣን፣ የልጄ ሐዘን አንሶህ ልቤንም ልትወስድ?» ብላ ሻርፗን አነሳች። ደንበኛዋ በግማሽ ያጠረ ቀሚስ ለብሳ እንደቆመች ቀረች።

በሩን የከፈተው ሰባኪው ነው። ፊቱ ገርጥቷል።

«እናቴ… ሊወቅሱኝ ከሆነ…»

«ላለቅስ ነው የመጣሁት፤ ዞር በል።»

መኝታ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። «አይዞሽ፣ አታልቅሺ፤ የሰባኪ ሚስት እኮ ነሽ» ይላሉ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ደርቃ ተቀምጣለች፤ ለማን እንደመጣ የማያውቀው ወተት ሸሚዟን አርሶታል። መቀስ እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና እጇን ያዘቻት።

«ሴት ናት ወንድ?»

እስከዚያች ሰዓት ማንም አልጠየቃትም። «ሴት» አለች በሹክሹክታ።

«ማንን ትመስላለች?»

«አፍንጫዋ… አፍንጫዋ የኔን…» አለችና ታፍኖ የቆየው ጩኸት ወጣ። «ኧረ ዝም አሰኟት!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ዝም የሚያሰኛት ካለ መጀመሪያ ከኔ ጋር ይነጋገር!» አለች መቀስ።

ሰባኪው በሩ ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ። «አምኜ ነበር» አለ። «እውነቴን ነው፣ አምኜ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔም አምኜ ነበር።»

ቀና ብሎ አያት። «ያን እሁድ…»

«እሱን በአደባባይ ትለዋለህ። ዛሬ አልቅስ።»

አለውም፤ በሚቀጥለው እሁድ እዚያው መድረክ ላይ ቆሞ፣ ስሟን ጠርቶ ይቅርታ ጠየቃት። መድረኩን አዋረደው ብለው ያኮረፉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የቀየሩም አሉ። መቀስ ግን አጥብቃ ሳመችው።

ሐዘኗ አልጠፋም። የልጇን አልጋ ዛሬም ታነጥፋለች። ቢሆንም ሌላው ሰው የሚፈራውን ደጅ ደፍራ መግባት ችላለች፤ ይህን ከልጇ ሞት በፊት አታውቀውም ነበር። አንድ ቀን ከሰባኪው ሚስት ጋር ሆነው ልጇ ያረፈችበትን ሆስፒታል ሕሙማን ሊጠይቁ ሄዱ። ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆመች። «ምነው፣ እንመለስ?» አለቻት ጓደኛዋ።

«ሞት አስፈራርቶ መለሳት ሊባል? አይደረግም!» አለችና መደገፊያውን ይዛ ወጣች።

ላይ ጥበቃው እጁን ዘረጋ። «እናቴ፣ የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል።»

«ሞት ሰዓት ያከብራል እንዴ?»

ጥበቃው ሳቁ አመለጠውና ዞር አለላቸው። የመጀመሪያው አልጋ አጠገብ አንዲት እናት የተኛች ልጇን እጅ ይዛ ብቻዋን ተቀምጣለች። መቀስ ወንበር ፈለገች፤ የለም።

«ግድ የለም» አለቻት። «ጠጋ በይልኝ።»