አንድ ሰው ብቻ የምትጭን

«በልጄ ላይ በሩን የዘጋችበት እኮ እሷ ናት» አሉ የመምህርቷ አማት፣ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ። መምህርቷ የሻይ ትሪ ይዛ ፊታቸው ቆማ ነበር። «ጫጫታ አልወድም ትል ነበር። ይኸው፣ ጸጥ አለላት።»

ሶፋው ላይ የተደረደሩት የጎረቤት ሴቶች ኩባያቸው ውስጥ አፈጠጡ። አንዷ «እማማ፣ ይተዉት አሁን» አለች፤ አባባሏ ግን ወሬው እንዲቀጥል የምትፈልግ ሰው አባባል ነበር።

«ምን እተወዋለሁ! ታናሹ ልጄ ዛሬ ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ሄዷል። መቃብሩ ላይ ‹እናቱና ወንድሙ› ነው የሚጻፈው። የእሷ ስም አይኖርበትም።»

መምህርቷ ኩባያውን አቀበለቻቸው፤ እንዳያቃጥላቸው እጀታውን ወደ እሳቸው አዙራ።

«ስኳሩ አንሷል» አሉ አሮጊቷ ሳይቀምሱት።

ከታች፣ ከመኖሪያው ሥር ባለችው ጋራዥ ውስጥ፣ ጄት ስኪዋ፣ ውሃ ላይ የምትነዳዋ ሞተር፣ አሁንም በአሮጌ ጎማዎች ላይ ተጋድማለች። ቁጭ ብለው ሳይሆን ቆመው የሚነዷት፣ ከአፍንጫዋ ረጅም መሪ የሚነሳ፣ ያረጀች ሞዴል ናት። ባሏ ሲገዛት ቀፎዋ ተሰንጥቆ፣ ሞተሯ ዝጎ ነበር። ሐይቁ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ስለሚርቅ ሰፈሩ ካፒቴን የሚል ስም አወጣለት። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ በር ላይ ቆሞ «ካፒቴን፣ ባሕሩ መቼ ነው የሚመጣው?» ሲለው፣ «አንተን የሚያጸዳ ውሃ እስኪገኝ እየተጠበቀ ነው» ይለዋል። ሰው ሁሉ ይስቃል።

ለሚስቱ የሚደርሳት ግን የተሳለው ፌዝ ነበር። ቀፎዋ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ የከበደውን ስፖንጅ በእሷ የሾርባ ማንኪያ እየፋቀ ሲያወጣ፣ አጎንብሳ መብራት ታበራለት ነበር።

«ስታልቅ እኔስ የት ነው የምቆመው?» አለችው።

ቀና እንኳ ሳይል «አንድ ሰው ብቻ ነው የምትጭነው» አላት። «አንቺ ዳር ቆመሽ ታጨበጭቢያለሽ።»

ሳቀች። መብራቱንም ሳታነቃንቅ እንደያዘች ቆየች።

ስንጥቁን በፋይበርና በሙጫ ደፈነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ከሌላ ትልቅ ጄት ስኪ የተነቀለ ሞተር አመጣ፤ አልገጥም ሲለው መቀመጫውን ቆርጦ እንደገና በየደው። መሪውን በቁመቱ ልክ አስረዘመው። የጣቶቹ አንጓ ሁልጊዜ እንደተላጠ ነበር፤ አንዱ ሲድን ሌላው ይቆስላል። እራት ላይ ስለ ካርቡሬተር ያወራል። ስለ እሷ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

በመጨረሻ ሞተሩ መነሳት ጀመረ። ውሃ ላይ ስላልሆነች እንዳትግል የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይሰካባታል፤ የጆሮ መከላከያውን ያደርግና ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ያስጮኻታል። ጢሱ እንዲወጣ የብረት በሩን ከፍቶ በአሮጌ የመኪና ባትሪ ያስደግፈዋል። በሩ አንዴ ከተገጠመ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ወድቆ ይይዛል፤ ከውስጥ አይከፈትም። «ኧረ ይህን ነገር አስተካክለው» ስትለው፣ «መጀመሪያ እሷ ትለቅ» ይል ነበር፣ ጄት ስኪዋን መታ መታ እያደረገ።

የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ከቀን እንቅልፋቸው ተነስተው ኮሪደሩ መስታወት ፊት ፀጉራቸውን ያበጥራሉ።

«ባትሪውን ገፋ አድርጌ ዘጋሁበት» አሏት፣ ደስ ብሏቸው። «ዛሬ ገና እንደ ሰው ተኛሁ። ያንቺ ባል ጸጥ የሚለው ሲዘጉበት ነው።»

ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ታች ሮጠች። ነዳጁ አልቆ ሞተሩ ቆሟል። ውሃው ግን አሁንም ይፈሳል፤ በጢሱ ታፍኖ የወደቀው ባሏ ጫማዎች ዙሪያ ኩሬ ሠርቷል።

ፖሊሶቹ ሲጠይቁ አሮጊቷ «እኔ ተኝቼ ነበር» አሉ፤ ዓይናቸው ከምራታቸው ዓይን ሸሸ። መምህርቷ «ስመጣ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት» ብቻ አለች። እናት ናቸው፣ አለች በልቧ፤ ይህን ተሸክመው መኖር አይችሉም። አሮጊቷ ግን ሸክሙን ማንም ሳያያቸው አውርደው እሷ ላይ ጫኑት።

ሴቶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ጎማ ነጋዴው፣ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ገባ።

«እማዬ፣ ጫማሽን አድርጊ። እዚህ ቤት አታድሪም።» ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞረ። «ለጠራቢው ነግሬዋለሁ። ሚስት የሚል ቃል እንዳይኖርበት። ወንድሜን ካፈንሽው በኋላ ስምሽን ደረቱ ላይ አላስጽፍልሽም።»

አሮጊቷ መኝታ ክፍላቸው ገብተው ጫማቸውን አጥልቀው ተመለሱ። ሴቶቹ አንዳቸውም አልተነቃነቁም።

«እማማ» አለች መምህርቷ። «ባትሪውን ማን ነበር የገፋው?»

«የምን ባትሪ?» አለ ነጋዴው።

«በሩን የሚያስደግፍበት። ‹ዛሬ ገና እንደ ሰው ተኛሁ› ነው ያሉኝ፤ ፀጉራቸውን እያበጠሩ።» ክፍል ውስጥ ስም እንደምትጠራ ረጋ ብላ ነበር የምትናገረው።

«ውሸታም!» ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ? ውሸታም በያት።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ ነው የዘጋሁት» አሉ።

ቅድም ይተዉት ያለችው ሴት ኩባያዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ደረጃው ላይ ሹክሹክታቸው ሲጀመር ይሰማል። ነጋዴው ማሽከርከሩን ትቶ ቁልፉን ጨበጠ።

«እኔ ልጆች አሉኝ፣ እማዬ» አለ። «ምን ብዬ ነው ቤቴ የማስገባሽ?»

«ልጄ...»

«ልጄ አትበይኝ!»

መኪናው ተነስቶ ሲርቅ ሰሙት። ስለ ድንጋዩ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ መምህርቷም ተከትላው አልጠየቀችም። ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ልቧ ውስጥ የመጣ ነገር ግን የለም።

«ጠርቶኝ ነበር?» አሉ አሮጊቷ። «በሩን መትቶ ነበር?»

አስከሬኑን ስትገንዝ አንጓዎቹ ላይ ትኩስ ቁስል አይታለች። የሞተሩ ይሁን የበሩ፣ የሚነግራት አልነበረም። አይ፣ አልመታም፣ እንቅልፍ ነው የወሰደው፣ ማለት ትችል ነበር። አሮጊቷ አፏን አፏን እያዩ ጠበቁ።

«አላውቅም» አለች።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነቀነቁ፤ ማቆም አልቻሉም። በችኮላ ያጠለቁት ጫማ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። መምህርቷ ለአፍታ አየችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አንዱን አወለቀች፣ ሌላውን አወለቀች፤ ጎን ለጎን አስተካክላ ሶፋው ሥር አስቀመጠቻቸው።