ጉድጓድ የገባው ስኳር ድንች

ፀሐይ ዘቅዘቅ ባለች ቁጥር ትንሿ ሚስጥር ከበርጩማ ጋር መላተም ጀመረች። ገና አራት ዓመቷ ነው። አያቷ እማማ ወለተ ሐና መጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው ነበር፤ እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ስትዳብስ ሲያዩ ግን ክው አሉ። ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ዳፍንት ነው ተባለ፤ መድኃኒት ሰጧትና ቆጮ ብቻውን አይበቃትም አሏቸው።

የግብርና ባለሙያዋ ኑኃሚን ይህን ሰምታ ከቡታጅራ አንድ እቅፍ የስኳር ድንች ሐረግ በባጃጅ ይዛ መጣች።

“እማማ፣ የዚህኛው ውስጡ ብርቱካናማ ነው፤ ለዓይን ይበጃል። ከእንሰቱ ጎን ሁለት መደብ እንትከል።”

“ቀለም ነክራችሁት ነው?”

“ኧረ እማማ! ካሮትንስ ማን ነከረው?”

“እስከ ስድስተኛ ተምሬያለሁ፣ አታሞኚኝ። ልጅቷ አደራ ናት፤ መሞከሪያ አላደርጋትም።”

ሐረጉ ደጅ ላይ ደረቀ። በሳምንቱ ልጃቸው፣ የሚስጥር እናት ትርሲት፣ ከአዲስ አበባ መጣች።

“ዓይኗ እስኪጠፋ ልጠብቅ እንዴ፣ እማዬ?” አለችና ሚስጥርን ይዛት ልትሄድ ተነሳች። “ለመስቀል እንመጣለን። ያኔ ደህና የምትበላው ነገር ካለሽ አንቺ ጋ ትቀራለች።”

ቤቱ ጭር አለ። እማማ ወለተ ሐና ባዶ ቤት ውስጥ “ከእሳቱ ራቂ አንቺ!” ይሉና በራሳቸው ድምፅ ይደነግጣሉ። በሦስተኛው ቀን ኑኃሚን ዘንድ በእግራቸው ሄደው “ያንን ሐረግ ደግመሽ ስጪኝ” አሏት። አልሳቀችባቸውም።

በበልጉ ዝናብ ተከሉ። ነሐሴ ላይ አንዱን አውጥተው ቢቀቅሉት አስኳል መሰለ።

“የቀረውን አፈሩ ውስጥ ይተዉት” አለች ኑኃሚን። “ሚስጥር ስትመጣ ያወጡታል።”

እንዴት ይተዉት? ጃርቱስ? ሌባውስ? ሌሊት እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻ ሁሉንም ቆፍረው አወጡ፣ ላጡ፣ በኮባ ጠቀለሉና እንደ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ድንጋይ ጫኑበት። ቆጮ እዚያ ዓመት ይቆያል፤ ይሄ የአንድ ወር ነገር ምን ይሆናል?

መስቀል ደረሰ። ሚስጥር ዓይኗ በርቶ፣ ቀይ ጫማ አድርጋ ከእናቷ ጋር መጣች። ጓሮ ወሰዷቸውና ድንጋዩን አነሱ። ኮባው ውስጥ ያለው ጥቁር ዝቃጭ ነበር። ሚስጥር አፍንጫዋን ያዘች።

“ድንችም ይቀበራል እንዴ እማዬ?” ትርሲት ሳቀች፤ ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና ድንጋዩን መለሰችበት።

እማማ ወለተ ሐና መደቡ ላይ ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው ማሱ። ጣት የምታህል አንዲት ተረስታ አገኙ። ሚስጥር ተቀቅሎላት በላችና፣ “ሌላ አለ?” አለች።

“የለም፣ የኔ እናት።”

ከበዓሉ በኋላ ትርሲት ዓይናቸውን ሳታይ፣ “ዘንድሮ እኔው ጋ ትሁን” አለች። ሚኒባሱ እስኪርቅ መንገድ ዳር ቆሙ። ቤታቸው ግን አልገቡም፤ ቀጥ ብለው ኑኃሚን ቢሮ ሄዱ።

“ሁሉንም ቀበርኩት” አሏት። “ቆጮ መስሎኝ።”

“ሐረጉንስ?” አለች ኑኃሚን።

“አጥር ሥር ጥዬው ነበር። አቆጥቁጧል።”

“አፈሩ እርጥብ ሳለ ነገ እንትከለው። ውሃ እያጠጡ ያቆዩታል።”

“ትርሲት ይህን ካየች ልጅቷን ትመልስልኛለች?”

“እሱን እኔ አላውቅም፣ እማማ።”

ነጠላቸውን አጣፉና ብቻቸውን ወደ ቤት አዘገሙ። ነገ በጠዋት መደቡ መቆፈር ነበረበት።